ዝለት ነው ወይስ ድባቴ? ሥራና ልጅ ማሳደግን አጣምረው ለያዙ ወላጆች

ማለዳ ልጆቹን ቀስቅሶ፣ አልብሶና አብልቶ የሚሸኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የሚውል፣ ማታ ደግሞ የቤት ሥራ የሚያሠራና የሚያስተኛ ወላጅ «ደክሞኛል» ቢል ማንም አይገረምም። ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው፤ ድካሙ የሚጠበቅ በመሆኑ ወላጁ ራሱም ሆነ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ጠጋ ብለው አይመረምሩትም። በዚህ የተነሳ ታክሞ ሊድን የሚችል ድባቴ «የልጅና የሥራ ድካም ነው» እየተባለ ሳይታከም ረጅም ጊዜ ይቆያል። በአንጻሩ ደግሞ ጫናው ቢቀነስለት የሚያገግም ሰው «አእምሮዬ ታመመ» ብሎ ይሸማቀቃል፤ መስተካከል የነበረበት የሥራ ሁኔታም ሳይነካ ይቀጥላል።

ይህ ማብራሪያ ዝለትና ድባቴ ምን እንደሆኑ፣ የት ላይ እንደሚመሳሰሉና የት ላይ እንደሚለያዩ፣ በተለይም የተለመደው የመለያ ዘዴ ለወላጆች ለምን እንደማይሠራ ለማስረዳት የተጻፈ ነው። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የጤና ባለሙያ ነው። ሆኖም ወደ ባለሙያው መቼ መሄድ እንደሚገባና እዚያም ምን ብሎ መናገር እንደሚሻል ማወቅ የሚችለው ኑሮውን የሚኖረው ሰው ነው።

## ዝለት ምንድን ነው?

በርንአውት በሚለው ስሙ ይበልጥ የሚታወቀው ዝለት፣ ለረጅም ጊዜ ከዘለቀና መላ ካላገኘ የሥራ ጫና የሚመጣ የጉልበትና የስሜት መሟጠጥ ነው። ስሙን ወደ ሥነ ልቦና ጥናት ካስገቡት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ በነጻ ሕክምና መስጫ ውስጥ በሚያገለግሉ ሰዎች ላይ ያየውን ገልጿል። በተለይ ተጋላጭ የሆኑት ሰነፎቹ ወይም ደንታ ቢሶቹ ሳይሆኑ ራሳቸውን ለሥራው የሰጡት መሆናቸውን መጻፉ ዛሬም ሊታወስ የሚገባው ነጥብ ነው።

ከዚያ በኋላ ክርስቲና ማስላክ የተባለችው የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሱዛን ጃክሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣችው መለኪያ ዝለት ሦስት ገጽታዎች እንዳሉት አሳየች። አንደኛው በአንድ ሌሊት እንቅልፍ የማይለቅ የመሟጠጥ ስሜት ነው። ሁለተኛው ከሥራውና በሥራው ከሚገናኟቸው ሰዎች በስሜት መራቅ ነው፤ ቀድሞ ለደንበኛው ወይም ለተማሪው ይጨነቅ የነበረ ሰው አሁን እንደ ዕቃ መቁጠር ይጀምራል። ሦስተኛው የሚሠሩት ነገር ሁሉ ፍሬ የለውም የሚል ስሜት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በጣም ስለደከመ ብቻ ዝሏል አይባልም፤ ከድካሙ ጋር የልብ መሸሽና የከንቱነት ስሜት አብረው ሲመጡ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ዝለትን በ11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ያስቀመጠው ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ እንጂ በሽታ አድርጎ አይደለም። ይህ ምደባ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሲሆን፣ ስያሜው በሥራ ቦታ ለሚደርሰው ብቻ እንጂ ለሌላው የሕይወት ክፍል እንዳይውል በግልጽ ይናገራል።

እዚህ ላይ ወላጁ መሐል ሜዳ ላይ ይቀራል። የእርሱ ጫና ከቢሮ በር ላይ አይጀምርም፣ እዚያም አያበቃም። ይህንን ክፍተት ያስተዋሉት የቤልጂየም ተመራማሪዎች ኢዛቤል ሮስካምና ሞይራ ሚኮላይቻክ የወላጅነት ዝለትን ለብቻው አጥንተው፣ ምልክቶቹን በአራት ከፍለው አስቀምጠዋል፦ በወላጅነት ኃላፊነት ብዛት መሟጠጥ፣ «እኔ እንዲህ ዓይነት ወላጅ አልነበርኩም» የሚል የንጽጽር ስሜት፣ ወላጅነት ማንገሽገሽ፣ እንዲሁም ከልጆች በስሜት መራቅ። በተለይ ሁለተኛው ምልክት ብዙ ወላጆችን በምሥጢር የሚያስለቅስ ነው፤ ሰውዬው ቀድሞ ምን ዓይነት እናት ወይም አባት እንደነበረ ያስታውሳል፣ አሁን ያለበትን ደግሞ ያያል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ያሳፍረዋል።

በእነዚሁ ተመራማሪዎች አስተባባሪነት በ42 አገሮች ከ17,000 በላይ ወላጆችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ግለኝነት በሚያይልባቸው ባህሎች ውስጥ የወላጅነት ዝለት በርትቶ እንደሚታይ አሳይቷል። ልጅ ማሳደግ የአንድ ወይም የሁለት ሰዎች የግል ጉዳይ በሆነበት ቦታ ሸክሙን የሚያጋራ እጅ እንደሚያንስ ሲታሰብ ውጤቱ አያስደንቅም።

## ድባቴስ በምን ይለያል?

ድባቴ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 280 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከድባቴ ጋር ይኖሩ ነበር፤ በሴቶች ላይም ከወንዶች ይልቅ በብዛት ይታያል። የሚነሣውም ከአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። በዘር የሚተላለፍ ተጋላጭነት፣ የሰውነት ሁኔታ፣ ያለፈ ጉዳት፣ የኑሮ ውጣ ውረድ ተደራርበው ያመጡታል፤ አንዳንድ ጊዜም ሁሉ ነገር በተሟላበት ቤት ውስጥ ያለ ምንም የሚታይ ምክንያት ይከሰታል።

ሐኪሞች ድባቴን ለመለየት ዘጠኝ ምልክቶችን ይመለከታሉ። እነዚህም የተጫነ ወይም ያዘነ ስሜት፣ ቀድሞ ደስ ይሉ ለነበሩ ነገሮች ፍላጎት ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት ወይም የክብደት መለወጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ከልክ በላይ መተኛት፣ በሌሎች ዘንድ እስኪታወቅ ድረስ በእንቅስቃሴ መዘግየት ወይም መቁነጥነጥ፣ ጉልበት ማጣት፣ ራስን የማይረባ አድርጎ ማየት ወይም ያልተመጣጠነ የጥፋተኝነት ስሜት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ እንዲሁም ስለ ሞት ደጋግሞ ማሰብ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ አምስቱ ለሁለት ሳምንት ያህል በአብዛኛው ቀን፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሲታዩና ከእነርሱም አንዱ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ምልክቶች መካከል ሲሆን፣ ኑሮንም ሲያውክ ድባቴ ሊባል ይችላል።

ልዩነቱን በአንድ ምስል ለማሳየት ያህል፣ ዝለት ከሚያመነጨው በላይ የሚቀዳበት ምንጭን ይመስላል። ቀጂው በዝቶበት ደረቀ እንጂ ፋታ ካገኘ መልሶ ይሞላል። ድባቴ ግን የምንጩ ዓይን ሲደፈን ነው፤ ቀጂዎቹ ሁሉ ቢነሡለት እንኳ ውኃው በራሱ አይመለስም፣ ዓይኑን የሚከፍት ሌላ ሥራ ያስፈልገዋል።

## ታዲያ ለምን ይምታታሉ?

ሁለቱም ያደክማሉ፣ እንቅልፍ ያውካሉ፣ ያስረሳሉ፣ ያበሳጫሉ። በዚህ ላይ ወላጅ መሆን እያንዳንዱን የድባቴ ምልክት የሚሸፍን በቂ ምክንያት ያቀርባል። እንቅልፍ አጣሁ ቢል ሕፃኑ ሲያለቅስ አድሯል። ምግብ አልበላም ቢል ቆሞ ከልጆች የተረፈውን ቀምሷል። ጓደኞቼን ማግኘት ተውኩ ቢል ጊዜ የለውም። አንብቦ መጨረስ ቢያቅተው በየአምስት ደቂቃው የሚጠራው ሰው አለ። ለፍቅር ጓደኛው ያለው ፍላጎት ቢጠፋ ማታ ሲተኛ ሰውነቱ ዝሏል። እያንዳንዱ ማብራሪያ ለብቻው ሲታይ እውነት ነው፤ ሁሉም ሲደመሩ ግን ሊታይ የሚገባውን ነገር ይጋርዳሉ።

በተመራማሪዎችም መካከል ቢሆን ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ሬንዞ ቢያንኪና ኧርቪን ሾንፌልድን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች የሁለቱ ምልክቶች እጅግ የተደራረቡ በመሆናቸው ዝለትን ከድባቴ የተለየ አድርጎ ማየት ተገቢ ላይሆን ይችላል በማለት ሲከራከሩ፣ ሌሎች ደግሞ ሁለቱ ቢዛመዱም አንድ እንዳልሆኑ ይናገራሉ። ለአንድ ወላጅ ከዚህ ክርክር የሚጠቅመው ነገር ግልጽ ነው፤ «እኔ የዛልኩ ብቻ ነኝ» የሚለው ስያሜ ድባቴ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ሳይቋጭ የቆየ ዝለት ወደ ድባቴ ሊያደርስ ይችላል፤ ድባቴ ያለበት ሰውም ተራውን የሥራ ቀን መሸከም ስለሚያቅተው ቶሎ ይዝላል።

## «እረፍት ውሰድና እየው» የሚለው ምክር ለወላጅ ይሠራል?

በብዛት የሚነገረው መለያ ይህ ነው፤ ከሥራ ጥቂት ቀን ራቅ፣ ከተሻለህ ዝለት ነበር፣ ካልተሻለህ ድባቴ ነው። ልጅ ለሌለው ሠራተኛ ምክሩ የተወሰነ ጥቅም አለው። ለወላጅ ግን ያሳስታል፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ካሉ ይህንን ቢይዙት እመርጣለሁ።

ወላጅ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ሲወስድ ከሁለቱ ሥራዎቹ አንዱን ብቻ ነው የሚያቆመው። ብዙ ጊዜም የቀረው ሥራ ይጨምርበታል፤ እቤት በመዋሉ ሲጠራቀሙ የከረሙት ጉዳዮች ሁሉ ወደ እርሱ ይመጣሉ፣ ልጆቹም ቀኑን ሙሉ ከእርሱ ጋር ናቸው። በእጅ ከሚሠራው ሌላ በጭንቅላት የሚሠራ ሥራም አለ። የክትባቱ ቀን መቼ ነው፣ ጫማው ጠቦታል፣ መምህሯ የጠየቀችው ወረቀት አልተፈረመም፣ ትንሹ ለምን ዝም አለ የሚለው ሐሳብ ከሥራ ፈቃድ ጋር አብሮ ፈቃድ አይወጣም። ስለዚህ ከአንድ ሳምንት እረፍት በኋላ እንደደከመው የሚመለስ ወላጅ «አልተሻለኝም፣ ስለዚህ በሽታ ነው» ሊል ይችላል፤ እውነቱ ግን ጨርሶ አለማረፉ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒውም ድባቴ ያለበት ወላጅ «አርፌ ስለማላውቅ ነው፣ ባርፍ ይሻለኝ ነበር» እያለ ያቺን የማትመጣ እረፍት ሲጠብቅ ወራት ያልፋሉ።

ይልቅ ሊመረመር የሚገባው፣ ትንሽም ብትሆን እውነተኛ ፋታ በምትገኝበት ጊዜ የሚሆነው ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አያት ልጆቹን ይዘው ወጡ እንበል። በሩ ተዘጋ፣ ቤቱ ጸጥ አለ፣ ሦስት ሰዓት ነጻ ጊዜ ተገኘ። የዛለ ወላጅ በአብዛኛው ሶፋው ላይ እንደወደቀ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ሲነቃ ቢያንስ ጥቂት ይቀለዋል፣ ሻይ አፍልቶ ሲጠጣ ይጥመዋል፣ ለጓደኛው ደውሎ ሊስቅ ይችላል፣ ልጆቹ ሊመለሱ ሲሉ ደግሞ «ምነው ትንሽ በቆዩ» ብሎ ይመኛል። ምኞቱ አያሳፍርም፤ ፋታው እንደጣፈጠው ምስክር ነው። ድባቴ ያለበት ወላጅ ግን በዚያው ሶፋ ላይ ተጋድሞ እንቅልፍ አይወስደውም። ስልኩን ይከፍታል፣ የሚያየውን አያየውም፣ ይዘጋዋል። ሻዩን ለማፍላት መነሣት ይከብደዋል፤ ቢያፈላውም ይቀዘቅዛል። ሊደውልለት የሚወደው ሰው ቢኖርም ምን እንደሚለው አያውቅም። ሦስቱ ሰዓት አልፎ በሩ ሲንኳኳ እፎይታም ደስታም አይሰማውም፤ የሚሰማው «ይህችን ጊዜ እንኳ አባከንኳት» የሚል ወቀሳ ነው።

አንድ ቅዳሜ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። እንዲህ ያሉ ፋታዎች በተደጋጋሚ ሲመጡ ስሜቱ ጨርሶ የማይነቃነቅ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከጫና ብዛት ያለፈ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

## ሌላ ምን ምን ምልክት አለ?

መጀመሪያ የሚታየው ነገሩ ምን ያህል እንደተስፋፋ ነው። ዝለት በአብዛኛው አድራሻ አለው። ሰኞ ማለዳ ልቡ የሚደነግጥ ሰው ዓርብ ማታ ይቀለዋል፤ ወይም ሥራ ላይ ደህና ውሎ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ለመግባት አቅም ያጣል። የትኛው ቦታና የትኛው ሰዓት እንደሚከብደው ሊናገር ይችላል። ድባቴ ግን ሥራውንም፣ ልጁንም፣ ትዳሩንም፣ ጸሎቱንም፣ ይወደው የነበረውን ዘፈንም እኩል ያደበዝዛል፤ የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል። አንዳንዶች ላይ ደግሞ ማለዳ በርትቶ ወደ ማታ ቀለል ይላል፤ ሌሊት ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንም ሳይቀሰቅሰው ነቅቶ ተመልሶ መተኛት ማቃትም የተለመደ ነው።

ቀጥሎ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን ማድመጥ ይጠቅማል። የዛለ ሰው ወቀሳው ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ነው፤ «ይህ ሥራ ጨረሰኝ»፣ «የሚያግዘኝ ሰው የለም»፣ «ማን በዚህ ሁኔታ ይችላል?» ይላል። ድባቴ ያለበት ሰው ወቀሳው ወደ ራሱ ይዞራል፤ «እኔ ጥሩ እናት አይደለሁም»፣ «ሌላው ሁሉ የሚችለውን እኔ አቃተኝ»፣ «ልጆቼ የተሻለ አባት ይገባቸው ነበር» ይላል። በእርግጥ የወላጅነት ዝለትም የጥፋተኝነት ስሜት አለው፤ ልዩነቱ የዛለው ሰው «በልጄ ላይ ጮህኩበት፣ አጠፋሁ» በማለት ባደረገው ነገር ሲጸጸት፣ ድባቴው ደግሞ ማንነቱን ራሱን ጥፋት አድርጎ ማሳየቱ ነው።

ከልጅ ጋር ያለው የደስታ ቅጽበትም ብዙ ይናገራል። ልጅቷ የሳለችውን ሥዕል ይዛ ስትመጣ የዛለ ወላጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ጎበዝ» ብሎ ሊያልፋት ይችላል፤ ነገር ግን ቀና ብሎ ካየው፣ ሥዕሉ ውስጥ ራሱን ከቤቱ በላይ ረዝሞ ካገኘው፣ ፈገግታው ሳይታሰብ ያመልጠዋል። ድባቴ ያለበት ወላጅ ሥዕሉን በትኩረት አይቶ፣ ማለት ያለበትንም ሁሉ ብሎ፣ ውስጡ ግን ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ከመስታወት ጀርባ ሆኖ ልጁን የሚያይ ያህል ይሰማዋል። ይህ ፍቅር ማጣት አይደለም። ደስታን መቅመስ አለመቻል የበሽታው ዋና ምልክት ነው፤ ይህን የማያውቁ ወላጆች ግን «ልጄን መውደድ አቆምኩ» ብለው ስለሚፈሩ ለማንም አይናገሩትም።

ድባቴ ሁልጊዜ እንባና ሐዘን መስሎ እንደማይመጣም መታወቅ አለበት። በተለይ በወንዶች ላይ ቁጣ፣ ትዕግሥት ማጣት፣ መጠጥ ማብዛት ወይም በሥራ ውስጥ መደበቅ ሆኖ ሊገለጥ ይችላል። ቤተሰቡ «ጠባዩ ተለወጠ» የሚለው አባት ለወራት ያልታወቀ ድባቴ ይዞ ሊሆን ይችላል።

## ስለ ማምለጥና ስለ ሞት ማሰብ አንድ ናቸው?

ይህ ጥያቄ በጥንቃቄ መታየት አለበት። በጣም የዛሉ ወላጆች ሻንጣ ይዞ አንድ ቦታ ስለመጥፋት ያልማሉ፤ «ምነው ታምሜ ሆስፒታል ብተኛና ለሁለት ቀን ማንም ባይጠራኝ» ብለው የሚመኙም አሉ። ይህ ምኞት ከመኖር ሳይሆን ከሸክሙ ለማረፍ የሚደረግ ነው። ያም ሆኖ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም፤ ጫናው ከልክ ማለፉን ይናገራል።

ሐሳቡ «ባልነቃ ይሻል ነበር»፣ «እኔ ባልኖር ለልጆቼ ይቀላቸዋል» ወደሚል ሲሻገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ አመለካከት እውነት መስሎ የሚታየው ድባቴው ስለሚያሳየው ነው። ይህን ሐሳብ የሚያስብ ሰው ዛሬውኑ ለአንድ የሚያምነው ሰው መንገርና የጤና ባለሙያ ማግኘት ይኖርበታል፤ ራሱን ለመጉዳት ያሰበበት ዘዴ ወይም ዝግጅት ካለ ብቻውን ሳይሆን በአቅራቢያው ወደሚገኝ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። የቅርብ ሰው ከሆኑ ደግሞ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰውየው ውስጥ አይተክልም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው የብቻ ጭንቀቱን ማቅለል ነው።

የዛለ ወላጅ ልጁን ሊጎዳ እንደሚችል ከፈራ፣ ወይም መጉዳት ከጀመረ፣ በዚያች ቅጽበት ልጁን ደህና ቦታ አስቀምጦ ከክፍሉ መውጣትና ሰው መጥራት ትክክለኛ እርምጃ ነው። የወላጅነት ዝለት ልጆችን ወደ ችላ ማለትና ወደ መጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል በጥናት ታይቷል፤ እርዳታ መጠየቅ ልጁንም ወላጁንም ይጠብቃል።

## በቅርቡ የወለዱ ወላጆች ጉዳይ የተለየ ነው?

አዎን፣ የተወሰነ ልዩነት አለው። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ብዙ እናቶች ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ፣ ስሜታቸው ይቀያየራል፤ ይህ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ካለፈና ከበረታ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ሊጀምር ስለሚችል እናቲቱ ወደ ሥራ በተመለሰችበት ሰሞን መታየቱና የሥራ ድካም ነው ተብሎ መታለፉ ያሳስባል። ጥሩ መጠየቂያ ይህ ነው፦ ሕፃኑ ተኝቶ፣ ሰው ይዞላት፣ መተኛት ስትችል ትተኛለች ወይ? ማንም ሳይቀሰቅሳት እንቅልፍ እንቢ ካላት መመርመር አለባት። አባቶችም በዚህ ወቅት ድባቴ ይይዛቸዋል። እናቲቱ ግራ ከተጋባች፣ የሌለ ድምፅ ከሰማች ወይም ስለ ሕፃኑ እንግዳ የሆነ እምነት ከያዘች ግን አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ሌላ ሕመም ነውና ለነገ አይባልም።

## ሁለቱም ያልሆነ ሊሆን ይችላል?

ይችላል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ በሚገባ አለመሥራት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የስኳር በሽታ፣ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ መቆራረጥ እንዲሁም አንዳንድ መድኃኒቶች ድካምና የተጫነ ስሜት ያመጣሉ። ከወሊድ በኋላ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር የተለመዱ ስለሆኑ የደም ምርመራ መጠየቅ ተገቢ ነው።

## ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ምን ይበሉ?

«ደክሞኛል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪሙ በቀን ውስጥ ይህን ቃል ከብዙ ሰው ይሰማል። ይልቅ ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ሁለት መስመር መጻፍ ይጠቅማል፦ ዛሬ ቀለል ያለኝ ሰዓት ነበር ወይ? መቼና ከማን ጋር? ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ማን ቀሰቀሰኝ? ደስ ያለኝ ነገር ነበር? ይህ አጭር ማስታወሻ ከረጅም ገለጻ ይልቅ ለሐኪሙ ብዙ ያሳያል። ቀድሞ ድባቴ ነበረብዎ እንደሆነ፣ በቤተሰብ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ካለ፣ እንዲሁም ለቀናት እንቅልፍ ሳይፈልጉ ከልክ ያለፈ ኃይልና ፈጠን ያለ ሐሳብ የተሰማዎት ጊዜ ካለ መናገር ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው ሁኔታ የሕክምናውን ዓይነት ይለውጣልና።

ብዙ ቦታ የሚሠራበት መጠይቅ ዘጠኙን ምልክቶች እየጠቀሰ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል እንዳስቸገሩ የሚጠይቅ ነው። ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል ይባላል። መጠይቁ በራሱ ብያኔ እንዳልሆነ ግን ማስታወስ ይገባል፤ ሳይተኛ የከረመ የሕፃን ወላጅ በእንቅልፍና በድካም ጥያቄዎች ብቻ ብዙ ነጥብ ሊያገኝ ይችላልና ባለሙያው ከየት እንደመጣ ይመለከታል።

## መለየቱ ሕክምናውን እንዴት ይለውጠዋል?

ዝለት በዋናነት የሚሻለው ሁኔታው ሲለወጥ ነው። ማስላክ ከማይክል ላይተር ጋር የሥራ ዝለትን የሚያመጡ የሥራ ቦታ አለመጣጣሞችን በስድስት ከፍላ አሳይታለች፦ የሥራ ብዛት፣ በራስ ሥራ ላይ የመወሰን ሥልጣን፣ ለልፋት የሚሰጥ ዋጋ፣ በባልደረቦች መካከል ያለ ግንኙነት፣ ፍትሕና እሴት። ይህን ማወቅ ወላጁን «አሠሪዬን ምን ልጠይቅ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲያገኝ ይረዳዋል፤ አንዱ የሚያስፈልገው የሰዓት ማስተካከያ ሲሆን ሌላው የሚያስፈልገው ማታ ማታ በስልክ አለመጠራት ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥም እንዲሁ፣ «አግዘኝ» ከሚል ጥቅል ልመና ይልቅ አንድን ሥራ ከማሰቡ እስከ መጨረሱ ለሌላ ሰው ማስረከብ ይጠቅማል። የልጁን የሐኪም ቀጠሮ የተረከበ ሰው ቀኑን የሚያስታውስ፣ የሚደውል፣ ይዞ የሚሄድም እርሱ መሆን አለበት፤ አስታዋሹ ያው የዛለው ወላጅ ከሆነ የተቀነሰ ጫና የለም።

ለድባቴ ግን ጫና መቀነስ ቢረዳም ብዙ ጊዜ ብቻውን አይበቃም። የንግግር ሕክምና፣ በተለይም የሐሳብና የድርጊት ልማዶችን እየመረመረ ቀስ በቀስ የሚለውጠው ዓይነት፣ ውጤታማነቱ በጥናት የተረጋገጠ ነው። መጠነኛና ከባድ በሆነ ድባቴ ላይ ሐኪሙ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። መድኃኒቶቹ በአንድ ቀን አይሠሩም፤ ለውጡ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ ሙሉ ውጤቱም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ሲሻል በራስ ውሳኔ በድንገት ማቋረጥ ጉዳት አለው። የምታጠባ እናት «መድኃኒት መውሰድ አልችልም» ብላ ከመቅረት ይልቅ ሐኪሟን ብትጠይቅ ይሻላል፤ እያጠቡ ሊወሰዱ የሚችሉ አሉና።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊኖሩ እንደሚችሉ ካወቅን ቅደም ተከተሉ ጥያቄ ይሆናል። ድባቴ ያለበት ሰው የማሰብ፣ የመጠየቅና የመደራደር ኃይሉ ተዳክሟል፤ ስለዚህ «መጀመሪያ ከአለቃህ ጋር ተነጋገር፣ ሥራህን ቀይር» ማለት የማይችለውን መጠየቅ ይሆናል። በዚህ ወቅት ሥራ መልቀቅን የመሰለ ትልቅ ውሳኔ ከተቻለ ማዘግየት ይመከራል፤ በድባቴ ውስጥ ሁሉም በር የተዘጋ መስሎ ይታያልና። ሕክምናው ጥቂት ኃይል ሲመልስለት ደግሞ ወደ ጫናው መመለስ የግድ ነው፤ ያደከመው የሥራና የቤት አደረጃጀት እንዳለ ከጠበቀው ሕመሙ የማገርሸት ዕድሉ ይጨምራል።

## ለልጆቹ ምን ይነገራቸው?

ልጆች ስም ባይሰጡትም ለውጡን ያያሉ፤ ምክንያቱን ካልሰሙ ደግሞ ትንንሾቹ ጥፋቱን ለራሳቸው ይሰጣሉ። «እናትሽ አሁን ታምማለች፣ ሕመሙ ቶሎ እንድትደክምና ዝም እንድትል ያደርጋታል፣ ሐኪም እየረዳት ነው፣ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም» የሚለው ለአብዛኛው ትንሽ ልጅ ይበቃል። ከፍ ያሉት ጥያቄ ይኖራቸዋልና በሚገባቸው መጠን እውነቱን መመለስ ይሻላል፤ ወላጁን የማጽናናትና የመጠበቅ ኃላፊነት ግን በእነርሱ ላይ እንዳይወድቅ፣ ለዚያ አዋቂ ሰው መኖሩን በስም ጠቅሶ መንገር ያስፈልጋል።